እናቴን በቪትዝ ደሴ ላደርሳት ነው፤ ጣርማ በርን እንዴት ልውረደው?

የቪትዝ ባላባት (የካቲት 9 ቀን 2012)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ከጥያቄው በፊት ያለው ነገር ግን ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ደሴ፣ ሸዋ በር ተወልዳ ያደገች ናት። በ1962 ተድራ አዲስ አበባ ስትመጣ በአውቶቡስ አልነበረም። የአባቴ የአክስት ልጅ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ሙሽሪትን በኤንትሬ ጋቢና ነው ያመጣት። ሚዜዎቹና ረዳቱ ከኋላ፣ ከቆዳ ክምር ላይ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ሚዜዎቹን ማንም ሊያቅፋቸው አልፈለገም ትላለች።

አሁን ደሴ ያለችው እህቷ ታማ ተነሥታለችና ልትጠይቃት ነው። ወንድሜ እስከ ኮምቦልቻ የአውሮፕላን ቲኬት ልቁረጥልሽ ሲላት "እኔ ወፍ ነኝ? በመጣሁበት መንገድ ነው የምመለሰው" አለች። አለቀ። ዘንድሮ ዓድዋ ሰኞ ስለሚውል እኔ ላይ ወደቀ። ቅዳሜ ወጥተን ማክሰኞ ልንመለስ ነው።

መኪናዬ የ2002 ሞዴል ቪትዝ ናት። ሺህ ሲሲ፣ አውቶማቲክ፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረላት። ከአያት ሜክሲኮ ለመመላለስ ምንም አይወጣላትም። ረጅም መንገድ ከተባለ ቢሾፍቱ ደርሳለች፤ እሱም ሜዳ ነው። ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ጣርማ በር አለ። ሽቅቡን እያለከለከችም ብትሆን ትወጣዋለች። የፈራሁት ቁልቁለቱን ነው። የምታውቁ ምከሩኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ የቤት ጠብ ነው። እናቴ ጋቢናው ውስጥ እሷ በግራ መስኮት፣ አባቴ መሃል፣ ሹፌሩ በቀኝ ነበር የተቀመጥነው ትላለች። እኔ ደግሞ "እማዬ፣ ሹፌር በግራ ነው የሚቀመጠው፣ ረስተሽው ነው" አልኳት። "ኤንትሬ ላይ የተሳፈርከው አንተ ነህ እኔ?" ብላ ይኸው ሁለት ቀን ሙሉ በደንብ አታናግረኝም። ማን ነው ልክ?

በቃሏ ያስጻፈችኝ ትእዛዝ ይህ ነው። ሸኖ ላይ ቅቤ (ጾም ቢሆንም ለእህቷ ለፋሲካ)። ደብረ ብርሃን ላይ ብዙ አትቁም፣ ይበርዳል። እሑድ ሰንበቴ ገበያ። ደሴ ልንገባ ስንል ዶሮ መዝለያ ላይ አውርደኝ። ስንመለስ ደግሞ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳትገዛ የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ እንዳትገባ። የመጨረሻውን ለምን ብዬ ብጠይቃት "የራሴ ጉዳይ ነው" አለችኝ።

ኤንትሬ 682 (የካቲት 9 ቀን 2012)

ልጄ፣ መጀመሪያ እናትህን ይቅርታ ጠይቃት። ልክ እሷ ናት።

እኔ በ1955 በረዳትነት ገብቼ፣ በኋላም ሹፌር ሆኜ በዚያ መስመር ላይ ነው ያረጀሁት። የነዳሁት ፊያት 682 ኤንትሬ መሪው በቀኝ ነበር። ጣልያኖች የዚያን ዘመን ከባድ መኪናቸውን እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ተራራ ላይ ገደሉ በቀኝህ ሲሆን አንገትህን በመስኮት ታወጣና ጎማህ ከጫፉ ስንት ጣት እንደቀረው በዓይንህ ታየዋለህ። እኛም እኮ እስከ 1956 ድረስ መንገዱን በግራ ይዘን ነበር የምንነዳው፤ ወደ ቀኝ የዞርነው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተቸገርነው ስንቀድም ነው። በቀኝ ተቀምጠህ ፊት ለፊት የሚመጣውን አታይም። በግራ መስኮት ያለው ረዳት አይቶ "ና! ና!" ሲልህ ትወጣለህ፤ "ያዝ!" ሲልህ ትመለሳለህ። ያን ቀን ረዳቱ ከኋላ ከነበረ "ና" ስትል የነበረችው ሙሽሪት ናት ማለት ነው። ጠይቃት።

ወደ ቁልቁለቱ እንምጣ። ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ የምትወርደው ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው። እዚያ ሰው የሚገድለው ፍሬን ሳይሆን ፍሬንን ማመን ነው። እግርህን ፍሬን ላይ ጭነህ ከወረድክ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ይተዋል። ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ መኪናው ግን አይሰማህም። ስለዚህ በሞተር ያዛት። ማርሽህ ላይ 2 ወይም ኤል የሚል ካለ ከዋሻው እንደወጣህ እዚያ ላይ አድርጋት። ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ። ፍሬኑን አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቅ፤ ለረጅም ጊዜ እየላስከው አትውረድ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ በዜሮ ማርሽ አትልቀቅ። በዜሮ የለቀቁ ጓደኞች ነበሩኝ።

እኛ ሽቅብ ስንወጣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ በእግሩ ይከተል ነበር። መኪናው ሲያቅተውና ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ከጎማው ስር ይወረውራል። ሁለት ጣቱን እዚያ ያስቀረ ረዳት አውቃለሁ። አንተ ታኮ አያስፈልግህም፤ ብቻ ከታች ለሚወጣ ከባድ መኪና መንገድ ልቀቅ። እሱ አንዴ ከቆመ መነሣት ይቸግረዋል።

ዋሻው ወደ 600 ሜትር ይጠጋል፣ ጨለማ ነው፣ ከላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ከመግባትህ በፊት መብራት አብራ፣ ክላክስ አድርግ። ከወዲያ በኩል ከባድ ገብቶ ከሆነ ጠብቀው። ጉም ካለ ደግሞ አትቸኩል፣ ጉዶ በረት ላይ ሻይ ጠጣ።

ፈጣኑ (የካቲት 10 ቀን 2012)

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። ሴትዮዋን አታንገላታ።

ቆሎ ተራ (የካቲት 10 ቀን 2012)

ፈጣኑ፣ አንተ ቆሎ በልተህ አታውቅም ማለት ነው።

እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፣ አሁን ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። አያቴም እናቴም ቆሎ ሸጠው ነው ያሳደጉን። ድሮ አውቶቡስ ቆሞ ሳያበቃ መስኮቱ ስር የሚሯጡት እነሱ ናቸው። ብሩ ከተሰጠ በኋላ መኪናው ከተነሣ እየሮጡ መልስ ያቀብላሉ፤ አንዳንዱ ተሳፋሪ ደግሞ ቆሎውን ተቀብሎ መስኮት ይዘጋል። እናቴ ፊታቸውን አትረሳም ነበር። ከዓመት በኋላ ሲያልፉ "የባለፈውን!" ብላ የተቀበለችው ሰው አለ።

ስትገዛ እንዳትሸወድ። መጀመሪያ "የዛሬ ነው የትናንት?" አትበል፣ ሁሉም የዛሬ ነው። አንዲት ፍሬ ወርውርና በፊት ጥርስህ ስበራት። የዛሬው ሲሰበር ድምፅ አለው፣ የከረመው ይታኘካል። ገብሱ በደንብ የተፈተገ መሆን አለበት፤ ገለባ ጉሮሮህ ላይ ከቀረ ተመለስና ንገራት። ከሱፍና ከሽምብራ የተቀላቀለውም ጥሩ ነው፣ ሽምብራ ከበዛበት ግን ብልሃት እንዳለው እወቅ፤ ቶሎ ሚዛን ይሞላል። ለእናትህ ንጹሑን ገብስ ግዛላት። የድሮ ሰው እሱን ነው የሚያውቀው።

ቅዳሜ ማታ እኛ ጋ እደሩ። ለሰንበቴ ገበያ ጠዋት በጊዜ ትደርሳላችሁ። ከመነሣትህ በፊት ደግሞ መንገዱ ክፍት መሆኑን ለሹፌሮች ደውለህ ጠይቅ፤ ሰሞኑን የሚሆነው አይታወቅም።

አርበኛው የልጅ ልጅ (የካቲት 10 ቀን 2012)

ትዝታችሁን ላበላሽ አይደለም፤ ግን ይህን መንገድ እንደ ሠርግ መንገድ ብቻ ስታወሩ ደሜ ይፈላል። በ1928 የጣልያኑ ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማ በር ላይ መንገዱ በፈንጂ ተንዶ ጠበቀው። አስጠግኖ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ዋሻው የተፈለፈለው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለወረራው። ሽማግሌዎች ዛሬም "ሙሶሎኒ ዋሻ" ነው የሚሉት። እነ ራስ አበበ አረጋይ በመንዝና በሸዋ ተራሮች አምስት ዓመት ሲዋደቁ ጠላት ስንቁንና ጥይቱን የሚያመላልሰው በዚህ መንገድ ነበር። ዓድዋን ልታከብር የምትወጣበት መንገድ መሆኑን አስብ።

ኤንትሬ 682 (የካቲት 11 ቀን 2012)

ልጄ አርበኛው፣ አያትህን ነፍስ ይማር። ያልከው እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። መንገድ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ተራራው ይናዳል፣ ቱቦው በድንጋይ ይደፈናል፣ አስፋልቱ ይበላል። በ1943 አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ ያንን ናዳ በአካፋና በዶማ ሲጠርግ የኖረው የዚያው አገር ሰው ነው። በ1953 ካራቆሬ ላይ መሬት ሲንቀጠቀጥ ማጀቴ ከተማ ፈረሰች፣ ዋናው መንገድ ተሰነጠቀ። እኔ ሥራ የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ አለቃዬ እዚያ ሲደርስ ገና ማርሽ ይቀንስ ነበር፣ አስፋልቱ ደህና ሆኖም እንኳ።

የጣልያን ነገር ከጠላን ደግሞ ጋራዥ ገብተን ምን ልንል ነው? ፍሬን የእነሱ፣ ፍሪሲዮን የእነሱ፣ ፍሬቻ የእነሱ፣ ጎሚስታው የእነሱ። ታኮ እንኳ የእነሱ ነው። እኛ ያስቀረነው መሪውን ነው። እሱ አማርኛ ነው።

ጦሳ ስር (የካቲት 12 ቀን 2012)

ወንድሜ፣ ከሪያድ ነው የምጽፍልህ። የደሴ፣ የሰኞ ገበያ ልጅ ነኝ፣ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ። ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ እመቤቲቱ ለምን ትስቂያለሽ ብላኛለች።

ዶሮ መዝለያ ማለት ከኮምቦልቻ መጥተህ ደሴ ልትገባ ስትል ቦርከና በጠባቡ ገደል መሃል የሚወጣበት ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል። እዚያ ከደረስክ ደሴ ገባህ ማለት ነው፤ ከተማውን ገና ሳታይ ሽታው ይቀበልሃል። እናትህ ለምን እዚያ ልውረድ እንዳለች እኔ አውቃለሁ፣ አንተ አታውቅም፣ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንክ። ተቀይሜህ አይደለም።

ከኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወጣ ቸርኬህ ቢንጫጫም መስኮትህን ክፈት። ከቆላው ሙቀት ወጥተህ ወደ ብርዱ የምትገባው እዚያ ነው፣ ባሕር ዛፉ ሲሸት። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ከቻልክ ቪዲዮ ቅረጽልኝ። አንድ ደቂቃ ይበቃኛል። እናትህንም የሸዋ በር ልጅ ናትና እጇን ሳምልኝ።

የቪትዝ ባላባት (የካቲት 27 ቀን 2012)

ሄደን መጣን! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ኤንትሬ፣ እርስዎን ለብቻ። የመሪውን ነገር ገና አዲስ አበባ እያለን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ስልክ አንሥታ ደሴ ለእህቷ ደወለችና "ልጁ አመነ" አለቻት። "ና! ና!" ስትልም ነበር። ሹፌሩ "ሙሽሪት፣ ዓይንሽን ክፈቺ" ብሎ አስተምሯት እስከ አዲስ አበባ ድረስ እያየች ነው ያስቀደመችው። አባቴ መሃል ተቀምጦ በአንዱም አልረዳ ብሏል።

ስለ ሸኖ ብዙ አልልም፣ ቅቤ ገዛን፣ እናቴ በጾሙ ምክንያት መቅመስ ስላልፈለገች በመዳፏ ጀርባ አሽታ አሽትታ ሦስት ሻጭ አስለቀሰች። ደብረ ብርሃን በረደን፣ አለፍን። ጣርማ በር ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጭላዳዎቹ መንገዱ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፣ ቀና ብለውም አላዩን። ዋሻውን ክላክስ አድርጌ ገባሁ፣ ስወጣ ኤል ላይ አደረግኋት። ጮኸች። ጎረቤት ቢኖር ኖሮ ይወጣ ነበር። ከፊቴ አንድ አይሱዙ በፍሬን እየወረደ ነበር፤ ሦስት ኩርባ ሳንሄድ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ጋቢናችን ገባ። እናቴ አፍንጫዋን ይዛ "ይሄ የማንን ምክር ነው የሰማው?" አለች።

ደብረ ሲና አደርን። ሮቢት ስንደርስ ሹራብ ወለቀ፣ ጋቢ ወለቀ፣ ነጠላ ቀረ። ሰንበቴ ገበያ ላይ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ተቀላቅሎ፣ ግመሉ ከባጃጁ እየተጋፋ፣ እናቴ አንዲት ሰሌን የምትሸጥ ሴት ፊት ቆመችና በኦሮምኛ መከራከር ጀመረች። በ38 ዓመቴ ነው እናቴ ኦሮምኛ እንደምትችል ያወቅሁት። "መቼ ተማርሽ?" ስላት "መቼ ጠየቅከኝ?" አለች። ሰሌኑ በኋላ መስኮት ወጥቶ ደሴ ድረስ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ነው የሄድነው።

የጦሳ ስር እህቴ፣ ቪዲዮሽን በውስጥ ልኬልሻለሁ፤ ካሜራው የተንቀጠቀጠው በሐረጎ ሳይሆን በእኔ እጅ ነው። ዶሮ መዝለያ ላይ እናቴን አወረድኳት። ወንዙን ትንሽ አየችው፣ "ውሃው አነሰ" አለች፣ ተመልሳ ገባች። ይኸው ነው። እኔ አንድ ሰዓት እንቆማለን ብዬ መኪናውን አጥፍቼ ነበር።

ስንመለስ ግን ነው ጉዱ። እህቷ አላስለቅቅ ብላ ከደሴ አርፍደን ወጣን፤ ደብረ ሲና የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነው። ቆሎ ገዛሁ፣ ንጹሕ ገብስ፣ በጥርስ ተፈትኖ። እናቴ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ጾሟን የምትፈታበት ሰዓት አልፏል፣ ግን አልቀመሰችም።

ሽቅቡን ስንጀምር ጉም ወረደብን። የበልግ ጉም፣ ነጭ፣ የሚንጠባጠብ። መሪዋ ከቀኝ የዞረ መኪና ያለው ሰው ይረዳኛል፦ መሪው ይዞራል እንጂ ዝናብ መጥረጊያው አይዞርም። የሚጠርገው የቀኙን ነው፤ በእኔ በኩል አንድ ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል። እናቴ ፊት መስተዋቱ ቁልጭ ብሎላት፣ እኔ በአንገቴ እየተንጠራራሁ። ከሁለት ኩርባ በኋላ ቀበቶዋን አጥብቃ ወደ ፊት ቀረበችና "ያዝ... ያዝ... ከባድ ነው... አለፈ። ና አሁን። ና!" ትለኝ ጀመር። በ50 ዓመት ውስጥ የተለወጠው መስኮቱ ብቻ ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ።

ዋሻው አፍ ስንደርስ "ቀስ በል" አለችኝ። ገባን። መብራቴ ከፊቴ ያለውን እርጥብ ግድግዳ እንጂ ሌላ አያሳይም። ድንገት ከጎኔ ከረጢት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ ከዚያ ቀው፣ ቀው፣ ቀው።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ያኔ ሹፌሩ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ ለሙሽሪት ጭኗ ላይ አስቀምጦላታል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሙሽራ ደግሞ በባሏ ፊት አትበላም፣ ያውም ባሏን ካየችው ሁለት ቀን ያልሞላት። እየራባት ጭኗ ላይ ያለውን ቆሎ እያየች ጣርማ በርን ወጣች። ዋሻው ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ነገር ጨለመ። እፍኝ ሙሉ አነሣችና አፏ ውስጥ ጨመረች፣ ደግማ አነሣች። ብርሃኑ ከወዲያ ጫፍ ብቅ ሳይል ሦስት እፍኝ። የኤንትሬው ሞተር ሲያጓራ ማኘኳን ማንም አልሰማም።

"የአንተ መኪና ግን ድምፅ የላትም" አለችኝ አፏ ሞልቶ። "አጋለጥከኝ።"